የአራስ እናት ጡት ሲቆጣ ማጥባት ይቆማል?

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ጡት መቆጣት ነው። ሳቅ ያመለጠው ካለ ይሳቅና እንቀጥል። እኔ መሐል ሜዳ የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ይህን ርዕስ በትምህርት ቤት ክበብ ባነሳሁ ቁጥር «ኧረ ይሄ የእናቶች ጉዳይ ነው፣ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። በየቤታችሁ ግን እናት፣ እህት ወይም የወንድም ሚስት አራስ ትሆናለች። በሽታ ሲመጣ ወረቀት የሚያነበውም፣ ጤና ጣቢያ የሚሮጠውም ብዙ ጊዜ ተማሪው ልጅ ነው።

ጡት ለምን ይቆጣል?

መንዝ ያደገ ልጅ ነገሩን ከላም ያውቀዋል። ጥጃዋ ሞቶባት ሳትታለብ የዋለች ላም ግቷ ይወጠራል፣ ይግላል፣ ሲነኳት ትራገጣለች። የእናት ጡትም እንዲሁ ነው። ወተቱ በጊዜው ካልወጣ ጡቱ ያጋትና ይቆጣል። የጡቱ ጫፍ ከተሰነጠቀ ደግሞ ባክቴሪያ በስንጥቁ ገብቶ ኢንፌክሽን ያስከትላል። ይህ በብዛት የሚደርሰው ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው።

ወተት እንዲቋጠር የሚያደርጉት ነገሮች የታወቁ ናቸው። ሕፃኑ የጡቱን ጫፍ ብቻ ሲጎርስ ወተቱ በደንብ አይወጣም፣ ጫፉም ይቆስላል። የአብሽ ውሃ ወይም ቅቤ የተሰጠው ሕፃን ደግሞ ጠግቦ ይተኛል፤ ጡቱም ሳይጠባ ይውላል። ጡትን አጥብቆ የሚይዝ ልብስም ያባብሰዋል።

ምልክቶቹ

የጡቱ አንድ ክፍል ይጠነክራል፣ ይቀላል፣ ይግላል፣ ያማል። እናቲቱን ብርድ ብርድ ይላታል፣ ያተኩሳታል፣ ሰውነቷን ይቆራርጣታል። እኛ አገር ብርድ ብርድ ማለት አይገርምምና «ምች ነው»፣ «የሰው ዓይን ነው» እየተባለ ቀናት ያልፋሉ። «ክርስትና ሳይነሳ አራስ ከቤት አትወጣም» ተብሎ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን የሚጠበቅበት ቤትም አለ። የተቆጣ ጡት ግን ይህን ያህል አይጠብቅም፤ መግል ይቋጥራል። ያኔ መግሉን በጤና ባለሙያ ማስወጣት ግድ ይሆናል።

ምን ይደረግ?

1. ማጥባት አይቁም። «ወተቱ ተበላሽቷል፣ ልጁን ይመርዘዋል» የሚባለው ስህተት ነው። በድንገት ማቆም ወተቱን የበለጠ ያጠራቅመዋል። (ቫይረሱ በደሟ ላለ እናት ከዚህ በታች የተለየ ምክር አለ።)
2. የሕፃኑ አጎራረስ ይስተካከል። አፉን በሰፊው ከፍቶ ጫፉን ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለውን ጥቁር ክፍል ጭምር ይጉረስ።
3. ሕመሙ ለማጥባት ካላስቻላት ወተቱን እጇን ታጥባ በቀስታ ትለበው። በኃይል ማሸት ይጎዳል።
4. ካጠባች በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ጡቷ ላይ ብታደርግ እብጠቱንና ሕመሙን ያስታግሳል።
5. ትረፍ፤ ውሃና አጥሚት በብዛት ትጠጣ።
6. ትኩሳት ካላት፣ ጫፉ ከተሰነጠቀ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተሻላት ጤና ጣቢያ ትሂድ። ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከታዘዘላትም ቢሻላትም እስኪያልቅ ትውሰድ።

ኤች አይ ቪ እዚህ ላይ ምን አገናኘው?

ቫይረሱ በእናት ጡት ወተት ውስጥ ይገኛል። ጡት ሲቆጣ በወተቱ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን እንደሚጨምር በማላዊ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሟል። ጫፉ ከቆሰለ ደግሞ ሕፃኑ ከወተቱ ጋር ደም ሊውጥ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ምንም ጥንቃቄ ካልተደረገ ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ከሚወለዱ 100 ልጆች ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ይያዛሉ። እናትና ልጅ መድኃኒቱን በአግባቡ ከወሰዱ ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። አገራችንም ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ቫይረሱ የተገኘባት ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ሁሉ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ወዲያው ጀምራ ዕድሜ ልኳን እንድትወስድ ወስናለች።

ስለዚህ ቫይረሱ በደሟ ያለ እናትም ታጠባለች። እስከ 6 ወር ጡት ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ከተጨማሪ ምግብ ጋር። ጡቷ ሲቆጣ ወይም ሲቆስል ግን ሕፃኑን ከጤነኛው ጡት ታጥባው፤ የታመመውን እስኪድን ድረስ እያለበች ትድፋው። መድኃኒቷን አንድም ቀን ሳታቋርጥ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ትሂድ። የሕፃኑም መከላከያ መድኃኒት አይቋረጥ።

አንድ ነገር ልጨምር። በእርግዝናዋ ተመርምራ ነፃ የነበረች እናት በምታጠባበት ጊዜ ብትያዝ ለልጁ አደጋው የባሰ ነው፤ አዲስ በተያዘ ሰው ሰውነት ውስጥ ቫይረሱ በጣም ይበዛልና። ባል መመርመሩና መታመኑ ሕፃኑንም መጠበቅ ነው የምንለው ለዚህ ነው።

«ለምን በአንዱ ብቻ ታጠባለች?»

እዚህ ላይ ነው የእናንተ ድርሻ። አንዲት እናት በአንድ ጡቷ ብቻ ስታጠባ ወይም ወተት ስትደፋ የታየች እንደሆነ ጎረቤት ይንሾካሾካል። ሐሜቱን የፈራች እናት ከታመመው ጡት ጭምር ታጠባለች፤ ወይም መድኃኒቷን ደብቃ ትተዋለች። ያኔ ልጁን ለአደጋ የሚያጋልጠው የእኛ ወሬ ሆነ ማለት ነው። በአንድ ጡት ማጥባት ደግሞ የኤች አይ ቪ ምልክት አይደለም። መግል የቋጠረባት ወይም ሕመሙ የጠናባት ማንኛዋም እናት ታደርገዋለች። ስለዚህ «ለምን?» ብላችሁ አትጠይቁ። ውሃ ቅዱላት፣ እንጨት ፍለጡላት፣ ጤና ጣቢያ አድርሷት፤ እሷ እስክትመለስም ትልልቆቹን ልጆች ያዙላት።

በክበባችሁ ተወያዩ

1. በሰፈራችሁ ጡቷ የተቆጣ አራስ ምን አድርጊ ትባላለች? የትኛው ምክር ይጠቅማል፣ የትኛው ይጎዳል?
2. ቫይረሱ ያለባት እናት የተለየ የምታደርገው ምንድን ነው? ለምን?
3. ክርስትና ሳይነሳ ከቤት አትወጣም የምትባል አራስ ብታተኩስ፣ ለቤተሰቡ ምን ብላችሁ ታስረዳላችሁ?