ከፍርድ እስከ ይዞታ ማረጋገጫ፦ የኢንዶሮይስና የኦጊየክ የመሬት ክርክር

1. መግቢያ

በአፍሪካ የነባር ሕዝቦች መብት በተነሣ ቁጥር «በአህጉሩ ነባር ያልሆነ ማን አለ?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን ለዚህ የሰጠው መልስ ማን ቀድሞ ሰፈረ ከሚለው ክርክር የራቀ ነው። ኮሚሽኑ ትኩረት የሚሰጠው ህልውናውና ባህሉ ከአንድ መሬት ጋር ለተሳሰረ፣ ራሱን እንደ ልዩ ማኅበረሰብ ለሚያይና በአኗኗሩ ምክንያት ለተገለለ ሕዝብ ነው።

ይህ ጽሑፍ በዚህ መመዘኛ ዕውቅና ያገኙ ሁለት የኬንያ ማኅበረሰቦችን፣ ኢንዶሮይስንና ኦጊየክን ይመለከታል። ሁለቱም በአህጉራዊ መድረክ ተከራክረው ረትተዋል፤ ድላቸው ግን መሬታቸውን በእጃቸው አላስገባላቸውም። ለዚህ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የመንግሥት ፈቃደኝነት ማነስ ነው። ጽሑፉ ይህን ሳይክድ፣ በአገር ውስጥ የመሬት ሕግ አመዳደብ ውስጥ ያለ ሌላ እንቅፋት መኖሩን ያሳያል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

2. ኢንዶሮይስ፦ የአደራ መሬት

ኢንዶሮይሶች በስምጥ ሸለቆ፣ በቦጎሪያ ሐይቅ ዙሪያ ከብት እያረቡ የኖሩ ሕዝቦች ናቸው። ሐይቁ የአምልኮ ስፍራቸው ነው፤ በዙሪያው የሚገኘው ጨዋማ አፈርም ለከብቶቻቸው ጤና አስፈላጊ ነው። በ1973 አካባቢው የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ሲከለል ከመሬታቸው ተፈናቀሉ። መሬቱ በሕግ ፊት የአካባቢ ምክር ቤቶች ለማኅበረሰቡ «በአደራ» የያዙት ነበር። ባለአደራው መሬቱን ለሌላ ዓላማ ባዋለው ጊዜ ግን፣ አደራው የተያዘለት ሕዝብ በእጁ የሚያቀርበው የባለቤትነት ማስረጃ አልነበረውም።

አቤቱታው በ2003 ለኮሚሽኑ ቀረበ፤ ውሳኔው በ2009 መጨረሻ ተላልፎ በፌብሩዋሪ 2010 በአፍሪካ ኅብረት ጸደቀ። ኮሚሽኑ የሃይማኖት፣ የንብረት፣ የባህል፣ የተፈጥሮ ሀብትና የልማት መብቶች መጣሳቸውን አረጋገጠ። ባህላዊ ይዞታ በመንግሥት ከተሰጠ የባለቤትነት ማረጋገጫ ጋር እኩል ዋጋ እንዳለው የተቀበለ በመሆኑም ውሳኔው ፈር ቀዳጅ ነው። መሬቱ እንዲመለስ፣ ማኅበረሰቡ ወደ ሐይቁ ያለ ገደብ እንዲገባ፣ ካሣም እንዲከፈል ጠየቀ። ይሁን እንጂ በ2011 ሐይቁ ከሌሎች የኬንያ ሐይቆች ጋር በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የኢንዶሮይሶች ፈቃድ አልተጠየቀም። ኮሚሽኑም ይህንኑ ነቅፎ የአቋም መግለጫ አውጥቷል።

3. ኦጊየክ፦ ደንና ማር ቆራጮች

የኮሚሽኑ ውሳኔ ምክረ ሐሳብ ስለሆነ አልተፈጸመም የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። የኦጊየኮች ጉዳይ ይህን መከራከሪያ ለመፈተን ያስችላል፤ እነርሱ የረቱት አስገዳጅ ፍርድ በሚሰጠው በአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ነውና።

ኦጊየኮች በማው ደን በአደንና በማር ቆረጣ የኖሩ ናቸው። በኦክቶበር 2009 የደን አስተዳደሩ በ30 ቀናት ውስጥ ደኑን ለቀው እንዲወጡ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው። መንግሥት በክርክሩ ያቀረበው ምክንያት የደን ጥበቃ ነበር። ፍርድ ቤቱ በሜይ 26 ቀን 2017 በሰጠው ፍርድ ይህን ምክንያት ውድቅ አደረገ፤ ለደኑ መመናመን ዋና ምክንያት የሆኑት የሌሎች ሰዎች ሰፈራ፣ መንግሥት ለሰፈራ የቀነሰው መሬትና ያለ አግባብ የተሰጠ የእንጨት ቆረጣ ፈቃድ መሆናቸውን ገለጸ።

በጁን 23 ቀን 2022 ደግሞ 57,850,000 የኬንያ ሽልንግ ለቁሳዊ ጉዳት፣ 100,000,000 ሽልንግ ለሞራል ጉዳት እንዲከፈል፣ መሬቱም ተከልሎ በጋራ ስማቸው እንዲመዘገብ ወሰነ። በኖቬምበር 2023 ግን በማው ደን ሳሲምዋኒ በተባለው ስፍራ ኦጊየኮች እንደገና ተፈናቀሉ። እንግዲህ የውሳኔው አስገዳጅ መሆን ብቻውን መሬት አያስመልስም ማለት ነው።

4. እንቅፋቱ የት ነው?

የ2010 የኬንያ ሕገ መንግሥት መሬትን የሕዝብ፣ የማኅበረሰብና የግል ብሎ ይከፍላል። አንቀጽ 63 የአያት ቅድመ አያት መሬትንና አዳኝና ለቃሚ ማኅበረሰቦች በልማድ የያዙትን መሬት የማኅበረሰብ መሬት ያደርጋል። አንቀጽ 62 በበኩሉ የመንግሥት ደኖችን፣ የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራዎችንና ብሔራዊ ፓርኮችን በመንግሥት በሚተዳደረው የሕዝብ መሬት ውስጥ ይመድባል። አንቀጽ 62 ከዚህ ምድብ የሚያስወጣው ማኅበረሰቦች በሕጋዊ መንገድ የያዟቸውን የማኅበረሰብ ደኖች ነው፤ የአያት ቅድመ አያት መሬትን ግን በስም አይጠቅስም።

ስለዚህ የማው ደንም ሆነ የቦጎሪያ ዙሪያ በአንድ ጊዜ በሁለት ምድብ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። የመሬት መዝጋቢው የትኛውን አንቀጽ እንደሚያስቀድም ሕጉ በግልጽ አይነግረውም። አህጉራዊው ፍርድ «መልስ» ሲል፣ የአገር ውስጡ ካርታ ቦታውን «ጥብቅ ስፍራ» ይለዋል፤ በዚህ ክፍተት ውስጥ ደግሞ ፍርዱን እንዲፈጽም የታዘዘው አካል ያው ተከሳሹ ራሱ ነው። ከሁለቱም ውሳኔዎች በኋላ ግብረ ኃይሎች ተቋቁመዋል። ግብረ ኃይል ግን ያጠናል እንጂ የመሬት ምድብ አይለውጥም።

5. መደምደሚያ

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40(5) አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ደንግጎ፣ ዝርዝር አፈጻጸሙን ለሕግ ይተወዋል። ከኬንያ ልምድ የሚገኘው ትምህርትም እዚህ ላይ ነው። የግጦሽ መሬት በዝርዝር ሕግና በመዝገብ አስቀድሞ ካልታወቀ፣ ፓርክ ወይም ሰፊ እርሻ ሲከለል ባለመብቱ የሚከራከረው መሬቱን ካጣ በኋላ ይሆናል።

በዚህም መሠረት ሁለት ነገሮች አስፈላጊ ናቸው። አንደኛ፣ ጥብቅ ስፍራ ከመከለሉ በፊት የነባሩ ማኅበረሰብ ይዞታ ሊለካና ሊመዘገብ ይገባል። ሁለተኛ፣ የመሬት መመለስ ውሳኔ ሲሰጥ የትኛው የሕግ ምድብ መለወጥ እንዳለበትና የሚለውጠው አካል ማን እንደሆነ በውሳኔው ሊጠቀስ ይገባል። ኢንዶሮይሶች ከተፈናቀሉ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፏል፤ በዚያ ጊዜ እረኛ የነበረ ልጅ ዛሬ ሽማግሌ ነው። መብቱ በፍርድ ተረጋግጦለታል፤ ሐይቁ ዳር ከብቱን የሚያሰማራበትን መሬት የራሱ የሚያደርግለት ግን በስሙ የተጻፈ መዝገብ ነው።