የላንድ ክሩዘር ካምቢዮ ስለ መለወጥ፤ ለመለዋወጫ ዕቃ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል አድርጎ ወደ ገንዳ ውኃና ወደ መተማ ዮሐንስ የሚወርድ መኪና፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጠውን ደጋ ለቆ ከ800 ሜትር በታች ወደ ሆነው ቆላ ይደርሳል። ሲመለስም ያንኑ ዳገት ሁሉ ጭነት ይዞ ይወጣል። በክረምት የጥቁር አፈር ጭቃ፣ በበጋም የቆላው ሐሩር ይጠብቀዋል። በእንዲህ ያለው መንገድ ካምቢዮ እጅግ የሚደክም መሆኑን ነጂም ነጋዴም ያውቀዋል።

አሮጌ መኪና ጥሎ ሌላ መግዛት ዛሬ እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ግብር እጅግ ከፍ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከልክሏል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲቈጠር ተወዷል። እንግዲህ ባለመኪናው ያለውን ማደስ ይመርጣል፤ የመለዋወጫ ነጋዴውም የሚሸጠውን ዕቃ ጠባይ ጠንቅቆ ሊያውቅ ይገባዋል።

ለዚህ ትምህርት ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ነው። «40» የተባለው ዓይነት እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ተሠርቷል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ማርሽ ብቻ ነበራቸው፤ ከ1970ዎቹ አጋማሽ በፊት ጀምሮ አራት ማርሽ ያላቸው ኤች 41 እና ኤች 42 የተባሉት ካምቢዮዎች ገቡ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አምስት ማርሽ ያለው ኤች 55 ኤፍ ወጣ። ይህ የኋለኛው ካምቢዮ በአሮጌው መኪና ላይ ሊገጠም ስለሚችል በብዙ አገር ባለመኪኖች ይፈልጉታል።

ነገር ግን ጥቅሙ ለሁሉም እኩል አይደለም። የማርሽ ኀይል የሚለካው ኀይል የሚያወጣው የካምቢዮ ዘንግ አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር በመቍጠር ነው። በአንደኛ ማርሽ የኤች 42 ልክ 3.555፣ የኤች 41 ልክ 4.925፣ የኤች 55 ኤፍ ልክ 4.843 ነው። ስለዚህ ኤች 42 ያለው ሰው አዲሱን ቢያስገጥም በአንደኛ ማርሽ የመጎተት ኀይሉ ከመቶ 36 ያህል ይጨምርለታል። ኤች 41 ያለው ግን በመጎተት ረገድ ምንም አያተርፍም፤ እንዲያውም በጥቂቱ ይቀንስበታል። እርሱ የሚያገኘው ትርፍ አምስተኛው ማርሽ ብቻ ነው። የዚህም ልክ 0.845 ስለ ሆነ፣ በአራተኛ ማርሽ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ይዞር የነበረው ሞተር በዚያው ፍጥነት ወደ 2,535 ይወርዳል። ይህ በሜዳ አስፋልት ነዳጅና ሞተር ያተርፋል፤ በቋራ ጭቃ ውስጥ ግን ጥቅም የለውም።

በመኪናው ላይ ያለው የትኛው ካምቢዮ እንደ ሆነ ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። የፊት ጎማዎች በድንጋይ ይታገዱ፤ የኋላ ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው መኪናው በጽኑ ድጋፍ ላይ ይቀመጥ። የእጅ ፍሬን ይለቀቅ፤ ቁልፉም ይዘጋ። ትራንስፈሩ በኋላ ጎማ ብቻ በሚነዳበት በከፍተኛው ማርሽ ላይ ሆኖ ካምቢዮው አንደኛ ይግባ፤ ከዚያም ሞተሩ በእጅ በመፍቻ ይዙር። ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ሻፍት አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ሞተሩ ሦስት ተኩል ያህል ከዞረ ኤች 42 ነው፤ ወደ አምስት ከቀረበ ኤች 41 ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር ካምቢዮ ብቻውን የሚሸጥ ዕቃ አለመሆኑ ነው። ኀይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው ትራንስፈር እስከ 1980 ገደማ ቤቱ አንድ ወጥ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ግን ለሁለት የሚከፈል ነው። ኤች 55 ኤፍ የሚስማማው ከዚህ ከኋለኛው ጋር ነው። ደግሞም ካምቢዮው ከአሮጌው ስለሚረዝም የኋላው ሻፍት ማጠር፣ የፊቱም መርዘም አለበት፤ ልኩም ካምቢዮው ከተቀመጠ በኋላ በመኪናው ላይ ይወሰዳል። የፍሪሲዮኑ ዲስክ ጥርስ ከአዲሱ ካምቢዮ ዘንግ ጥርስ ጋር በቍጥርም በውፍረትም መግጠሙ አስቀድሞ ይመርመር። ካምቢዮው ከነትራንስፈሩ፣ ከነማርሽ እጀታዎቹና ከነመያዣው ካልመጣ፣ የጎደለውን አንድ በአንድ መፈለግ ከካምቢዮው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ያገለገለ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ ነጋዴ ሌላም የሚጠነቀቅበት ነገር አለ። ኢትዮጵያ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በመንገድ ቀኝ የምትነዳ ስትሆን ጃፓን ግን በግራ ትነዳለች። ስለዚህ ከጃፓን መኪና የተፈታ ካምቢዮ የተዘጋጀው መሪው በቀኝ ለሆነ መኪና ነውና የማርሽ እጀታዎቹ አቀማመጥ ይታይ። ዘይቱም ይቀዳ፤ የሚያብለጨልጭ የነሐስ ወይም የብረት ስብርባሪ ከተገኘበት ውስጡ ታሟል ማለት ነው። ዘንጉ በእጅ ሲነቀነቅ የሚወላወል ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ማርሾቹም ሁሉ፣ የኋላ ማርሽ ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ገብተው ይፈተኑ።

ጊዜውን መምረጥም የንግድ ጥበብ ነው። በመተማ ቆላ ሰሊጥ የሚታጨደው በጥቅምትና በኅዳር ነው። አንድ አምራች በመስከረም መጨረሻ ካምቢዮ ገዝቶ፣ ትራንስፈሩ የማይገጥም ሆኖ ቢያገኘው፣ መኪናው በጋራዥ ቆሞ አዝመራው ያልፍበታል። ሠራተኛ የሚያመላልስበት፣ ውኃና ስንቅ የሚያደርስበት ያጣል፤ የደረሰው ሰሊጥም ካልታጨደ ይረግፋል። ኪሣራው እንግዲህ የአንድ ካምቢዮ ዋጋ ሳይሆን የአንድ ዓመት ድካም ነው። በሱዳን በኩል ከጋላባት የጎደለ ዕቃ በቶሎ አገኛለሁ ብሎ መተማመንም ጦርነቱ ከተነሣበት ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ አያዋጣም። ስለዚህ ይህ ሥራ ክረምት ሳይገባ ወይም መኪናው በዝናብ ምክንያት በቆመበት ወራት ቢከናወን ይመረጣል።

በአጭሩ ነጋዴው ከመሸጡ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ መኪናው በስንት ዓመተ ምሕረት ተሠራ? አሁን ያለበት ካምቢዮና ትራንስፈር የትኛው ነው? ባለቤቱ የሚፈልገው የመጎተት ኀይል ነው ወይስ የሜዳ ፍጥነት? መልሱ ለውጡ እንደማይጠቅም ካሳየ፣ አሮጌውን በኩሽኔታና በማርሽ አሳድስ ብሎ መምከር ይገባዋል። በዚያ ቀን ትርፉ ያነሰ ይመስላል፤ ነገር ግን በእውነት የተመከረ ደንበኛ በሚመጣው ዓመትም ወደዚያው ሱቅ ይመለሳል።