በመዓዛው የሚታወቅ የአትክልት ቦታ

በተመደብንበት ቀበሌ አንድ የአካል ጉዳተኞች የቀን ማዋያ አለ። የቀን ማዋያ ማለት ሰዎች ጧት መጥተው፣ እየሠሩና እየተጫወቱ ውለው፣ ማታ ወደየቤታቸው የሚመለሱበት ቦታ ነው። ሐኪም ቤት አይደለም፤ መኝታም የለውም። እዚህ ዓይነ ስውራን አሉ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ አሉ፣ ትምህርት ቀስ ብሎ የሚገባቸው ወጣቶችም አሉ። ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ ከዚህ በፊት ቤተሰቡ ወደ ሥራ ሲሄድ በር ተቆልፎባቸው ይውሉ ነበር።

ከቤቱ ጀርባ ጥራጊ የሚጣልበት ባዶ መሬት ነበረ። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አጸዳነው፣ ድንጋዩን ለቅመን ቆፈርነው፤ ከዚያም በወረቀት ላይ ንድፍ አወጣን። ቀይ አበባ በዚህ፣ ቢጫ በዚያ፣ ነጩ መሐል ላይ። ንድፉን ስናነብላቸው አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ ቀዩንና ቢጫውን ለማን ነው የምትተክሉት?» አሉን። መልስ አልነበረንም። እውነቱን ለመናገር አፍረናል። በማግሥቱ ነው ደፍረን፣ «አባባ፣ እርስዎስ ምን ቢተከል ይወዳሉ?» ያልናቸው።

«ጠጅ ሣር» አሉ። «እናቴ ደጅ ነበረ። ቤታችን መድረሴን የማውቀው በሱ ነው።»

ንድፉን ቀደድነው። አትክልቱ አንድ ጭብጥ ይኑረው ተባለ። ጭብጥ ማለት ነገሩን ሁሉ የሚያያይዝ አሳብ ነው፤ የኛ ጭብጥ መዓዛ ሆነ። አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ከተማ፣ የብሩክሊን የዕፅዋት ማዕከል ለዓይነ ስውራን ብሎ የመዓዛ አትክልት የከፈተው በ1955 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። እዚያ መደቦቹ ከፍ ተደርገው የተሠሩት የቆመም ሆነ በወንበር የተቀመጠ ሰው እጁ ቅጠሉ ላይ እንዲደርስ ነው።

ለኛ ግን ዕፅዋቱ ከሩቅ መምጣት አላስፈለጋቸውም። ከየጓሮው ተለመኑ። ጠጅ ሣር ከሥሩ ተገንጥሎ ይተከላል፤ ቁጥቋጦው ስለሚሰፋ በመካከሉ ግማሽ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይተዉለት። የቅጠሉ ጠርዝ ጣት ይቆርጣል። ይህን ያስተማሩን እኒያው ሽማግሌ ናቸው፦ እጅ ከሥር ወደ ጫፍ ከሄደ ይለሰልሳል፣ ከጫፍ ወደ ሥር ከተመለሰ ግን እንደ መጋዝ ነው። የጥብስ ቅጠል በቁራጭ ይበቅላል፤ የስንዝር ያህል ተቆርጦ የታችኛው ቅጠል ይረገፍለታል፣ ውሃ አይብዛበት። በሶብላ በዘር ነው። ናና ከተለቀቀ ሁሉን ይወርሳልና በአሮጌ ጣሳ ውስጥ ተከልነው። ለቅቤ ማንጠሪያ ኮሰረት የግድ ነው ብለው የተከራከሩት ምግብ የሚያበስሉት እናት ናቸው፤ ትክክል ነበሩ።

መዓዛቸው የበረታውን አራርቆ መትከል ይሻላል። ጎን ለጎን ከሆኑ አፍንጫ ይደናገራል፣ አንዱን ከአንዱ መለየት ይቸግራል።

መንገዱ አንድ ሜትር ከሃያ ሳንቲ ሜትር ሰፋ። መጀመሪያ ጠጠር አፍስሰንበት የወንበሩ ጎማ ሰመጠ፤ ጠጠሩን ዝቀን በገረጋንቲ ደለደልነው። በመንገዱ ዳር ገመድ ተወጠረ፤ በየመደቡ ፊት ገመዱ ላይ ቋጠሮ አለ። አንድ ቋጠሮ ጠጅ ሣር፣ ሁለት ቋጠሮ የጥብስ ቅጠል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ብሬል ያልተማረም በጣቱ ያነበዋል። በወንበር ለሚሠሩት ሁለት መደቦች በድንጋይ ተገንብተው 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ አሉ፤ ከአንድ ወገን ብቻ የሚደረስበት መደብ ወርዱም ከ60 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም።

አንድ ጥፋት አጥፍተናል። ጤና አዳምን መንገድ ዳር ተከልነው፤ ቡና ላይ ሁሉም ይወደዋል ብለን። በጠራራ ፀሐይ ቅጠሉን ስታሸት የዋለች ልጅ ክንዷ ቀልቶ ውሃ ቋጠረ። የጤና አዳም ጭማቂ ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል። ቦታውን ቀይረን ወደ ውስጥ አስገባነው፤ የሚነካው ሰው እጅጌ ይልበስ፣ ሲጨርስም በሳሙና ይታጠብ።

ሌላው ጥፋት ቶሎ አልታየንም። አንድ ወጣት ውሃ ማጠጫውን ይዞ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው፤ ከቧንቧው እስከ መደቡ ሦስት ጊዜ ያርፋል። እኛ ደግሞ እንርዳው እያልን ከእጁ እንቀበለው ነበር። ሳምንት ሳይሞላው መምጣቱን ተወ። እናቱን ስንጠይቅ፣ «ሥራዬን ወሰዱብኝ ይላል» አሉን። እርዳታ ያልነው ነገር ለካ ንጥቂያ ሆኖ ኖሯል! አሁን ስድስቱን መደብ የሚያጠጣው እሱ ነው፤ ጧት ይጀምራል፣ ረፋድ ላይ ይጨርሳል። የሚያስቸኩለው የለም።

የቀረን የበሩ ደፍ ነው። በወንበር የሚመጡት አሁንም ሁለት ሰው አንሥቷቸው ነው የሚገቡት። በድንጋይና በጭቃ ተዳፋት ሠርተን ነበር፤ የነሐሴ ዝናብ ሸረሸረው። ሲሚንቶ ሲገኝ ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱም ለእያንዳንዱ የደፍ ስንዝር 12 ስንዝር ሆኖ ይሠራል። እናንተ በሌላ ቀበሌ የምትጀምሩ ግን ከአትክልቱ በፊት ደፉን ሥሩ።