ሕፃንን ከምስል ጋር ብቻውን ስላለመተው

መዋዕለ ሕፃናት የሚባለው ትምህርት ቤት ሕፃኑን በእጁ የሚያቆየው በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፤ የቀረው ጊዜ የቤተ ሰብ ነው። ስለዚህ ሕፃናት በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ የሚያዩትን በማስተዋል እንዲያዩ የሚሰጠው ትምህርት፥ መምህርቷ የቱን ያህል ብትደክም፥ አባትና እናት ካልገቡበት ጸንቶ ሊቆም አይችልም። ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አንብቤ አይደለም፤ እኔው ራሴ በደለኛ ሆኜ ያየሁትን አስቀድሜ ልናገር።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ከንስሐ ልጆቼ ወደ አንዱ ቤት ሄድሁ። የአምስት ዓመት ልጃቸው መስቀል ከተሳለመ በኋላ በመካከላችን ተቀምጦ ይህ ምንድን ነው፥ ያ ምንድን ነው እያለ ይጠይቅ ጀመር። እናቱም ጨዋታችን እንዳይቋረጥ ብላ ስልኳን ከፍታ ሰጠችው። ልጁም ዝም አለ፤ እኛም ደስ ብሎን ከአንድ ሰዓት በላይ ተነጋገርን። ልነሣ ስል ወደ እርሱ ዘንበል ብዬ ብመለከት፥ ያየው የነበረው ተረት አልቆ አንድ ሰው ከረሜላ እያሳየ ግዙ ይላል። «ይህ የሚናገረው ማን ነው?» አልሁት። «ስልኩ ነው» አለኝ። «ስለ ምን ይነግርሃል?» ብለው፥ «ስለሚወደኝ» አለ። ቤቴ እስክገባ ድረስ ይህ ቃል ከልቡናዬ አልወጣም፤ ልጁ ዝም እንዲል ምክንያት የሆንሁት እንግዳው እኔ ነበርሁና።

የልጁ መልስ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ የዕድሜው ነው። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ማኅበር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 እንደ ገለጠው፥ ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ማስታወቂያ ሰውን አግባብቶ ለማስገዛት የተሠራ መሆኑን አይረዱም፤ ከእነርሱም የሚያንሱት ማስታወቂያውን ከተረቱ ለመለየት እንኳ ይቸገራሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ከ2 እስከ 4 ዓመት ያለ ሕፃን ተቀምጦ ምስል የሚያይበት ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፥ ከዚያ ቢያንስ ደግሞ እንደሚሻል መክሯል። ወላጆች ከዚህ ምክር የሚይዙት ግን ቍጥሩን ብቻ ነው። ሰዓት መቍጠር መልካም ነው፤ በዚያች ሰዓት ከልጁ ጎን ማን ተቀመጠ የሚለው ግን ይረሳል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2016 ይህንኑ መጠን ሲወስን፥ ወላጆች አብረው እያዩ ለልጁ እንዲያስረዱት ጨምሮ መምከሩ በከንቱ አይደለም።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ፊደል ስንቈጥር ገበታው ብቻውን አላስተማረንም፤ ቀድሞ የገባው ተማሪ አጠገባችን ተቀምጦ ፊደሉን በስንጥር እያመለከተ፥ ስንስት እየመለሰ ነው ያስተማረን። ምስልም ፊደል ነው፤ አመልካች ይሻል። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ በኋላ፥ በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ ተረት ሲናገሩ፥ ባንድ ቴሌቪዥን ዙሪያ ቤተ ሰቡ ከጎረቤት ልጆች ጋር ተሰብስቦ ያይ ነበር። ልጁ የከበደውን ነገር ዘወር ብሎ የሚጠይቀው ሰው ከአጠገቡ አላጣም። ዛሬ ግን ስልኩ ከአንድ ልጅ እጅ ይገባል፤ በዩቲዩብም አንዱ ቪዲዮ ሲያልቅ ሌላው ማንም ሳይጠራው በራሱ ይቀጥላል።

እንግዲህ ትምህርት ቤቱ ቤተ ሰብን እንዴት ያስገባ? በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆችን ሰብስቦ መውቀስ አይጠቅምም፤ የተወቀሰ ወላጅ ሁለተኛ አይመጣም። ደግሞም ወደ ስብሰባው የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ እናቶች ናቸው፤ ልጁን ውሎ የሚጠብቁት ግን አያት ወይም ሞግዚት ይሆናሉ፤ እነርሱም ሊጠሩ ይገባል። የሚሻለው መምህርቷ በየሳምንቱ አንዲት ጥያቄ ከልጁ ጋር ወደ ቤት ብትልክ ነው፤ ይህን ማን ሠራው፥ ከእኛስ ምን ይፈልጋል እንደሚሉት ያለ። ልጁ ከቤቱ ሰዎች ጋር ያየውን በሥዕል ሥሎ ወደ ክፍል ይዞ ይመለስ።

ሌላም ቀላል ሥራ አለ። አባት ስልኩን ሰጥቶት ልጁ ራሱ ቤቱን ፎቶግራፍ ያንሣ፤ አንድ ጊዜ የተወለወለውን ጥግ ብቻ፥ አንድ ጊዜ ደግሞ ያልታጠበው ሳህን የተከመረበትን። ከዚያም ሁለቱን ለአያቱ አሳይቶ የማን ቤት እንደ ሆነ ይጠይቃቸው። አያት ሁለቱን የተለያዩ ቤቶች ቢሏቸው፥ ልጁ ስቆ የሚማረውን በብዙ ቃል ልናስረዳው አንችልም፤ ምስል የሚያነሣው ሰው የወደደውን አሳይቶ የቀረውን እንደሚሸሽግ በገዛ እጁ አውቆታልና።

ስለ እኛ ስለ ካህናቱም አንድ ቃል ልጨምር፤ በየቤቱ የምንገባ ነንና። ልጅ ሲያወራ «ዝም በል፥ አባ ይናገሩ» ሲባል ዝም ብለን ባንቀበለው፥ ስልኩም ሊሰጠው ሲዘረጋ «ተዉት ይጠይቅ» ብንል ጨዋታው ቢያጥር ምን ይጎዳል? የራሳችንም ስልክ በጕብኝት መካከል ሲጮኽ ልጆች እንደሚያዩን አንርሳ።

ወደዚያው ቤት ዳግመኛ በሄድሁ ጊዜ ስልኩ ከመደርደሪያ ላይ ነበር። ልጁን ከጎኔ አስቀምጬ ስለ አንበሳና ስለ ጦጣ አንድ ተረት ነገርሁት። እስከ መጨረሻው ሰምቶ ቀና ብሎ አየኝና፥ «አባ፥ ይህን ለእርስዎ ማን ነገረዎት?» አለኝ። እናቱ ደነገጠች፤ ድፍረት መስሏት ልትቈጣው ነበር። እኔም ከአያቴ እንደ ሰማሁት፥ አያቴም ማታ ማታ እሳት ዳር ሆና ትነግረን እንደ ነበር፥ የምትነግረንም እንቅልፍ እንዳይወስደን ብላ እንደ ሆነ መለስሁለት።