በውሃ ውስጥ ያለ ዓሣ እንዴት ይለካል?

ገበሬ ወንድሜ ሆይ፤ በሐይቅ ዳር የምትኖርና ከእርሻ በተረፈህ ጊዜ መረብ የምትጥል ከሆንህ ይህን ትምህርት ልብ ብለህ አንብብ። ከብትህን በበረት ቈጥረህ ታውቃለህ፤ እህልህንም በቁና ትሰፍራለህ። በውሃ ውስጥ ያለውን ዓሣ ግን ማን አይቶ ይቈጥረዋል?

የባሕር ሊቃውንት ለዚህ ዘዴ አላቸው። ከየብስ ዳር ጀምሮ ጥልቀቱ እስከ 200 ሜትር ገደማ የሚደርሰውን የባሕር ወለል በጥልቀቱ ይከፋፍሉና በየክፍሉ መርከብ መረብ ይጎትታል። መረቡ፣ ፍጥነቱና ሰዓቱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። አለዚያ አንዱን እህል በትልቅ ቁና፣ ሌላውን በትንሽ ቁና ሰፍሮ እንደ ማወዳደር ይሆናል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አፉ 20 ሜትር የሚሰፋ መረብ በአንድ ሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢጎተት 10 ሄክታር ይጠርጋል፤ ይኸውም የአንድ ጋሻ ሩብ ያህል ነው። 300 ኪሎ ዓሣ ቢያወጣ ለሄክታር 30 ኪሎ ይደርሳል። ከመረቡ የሚያመልጥ ስላለ ግን እውነተኛው መጠን ከዚህ ይበልጣል። ሽሪምፕ ከሚባለው ፍጥረት ብዙው ዓይነት ቀን በጭቃ ተቀብሮ ሌሊት ይወጣልና፣ በቀን ብቻ የጎተተ ሰው «የለም» ብሎ ይሳሳታል።

ልኬታው ምን ጠቀመ? በታይላንድ ባሕረ ሰላጤ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1961፣ የምርምር መርከብ በአንድ ሰዓት 300 ኪሎ ያህል ያወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ መረብ ጎታች ጀልባዎች በዙ፤ በወደብ የሚራገፈውም ዓሣ ለብዙ ዓመት ጨመረ። በ1980ዎቹ ግን በአንድ ሰዓት የሚወጣው 50 ኪሎ ገደማ ሆነ፤ ከዚያውም ብዙው ትንንሽ ዓሣ ነበር።

እንግዲህ የተያዘው ጠቅላላ ብዛት ብቻውን ያታልላል። አሥር ሰው ያጭድበት በነበረው ማሳ መቶ ሰው ቢገባ የዕለቱ ነዶ ይበዛል እንጂ ማሳው አይሰፋም።

ስለዚህ አንተም በደብተር ጻፍ፦ ስንት መረብ ጣልህ? ስንት ሰዓት ቆየ? ስንት ኪሎ ወጣ? የዓሣው ርዝመት ምን ያህል ነው? ለአንድ መረብ የሚደርሰው ከዓመት ወደ ዓመት ከቀነሰ፣ ዓሣውም እያነሰ ከሄደ፣ መረብ አትጨምር። ይልቁንስ ያልደረሰው ዓሣ እንዲያመልጥ ቀዳዳው ሰፊ የሆነ መረብ ያዝ። በጣና ነጭ ዓሣ የሚባለው በክረምቱ መጨረሻ ለመራባት ወደ ወንዝ ይወጣልና፣ በዚያ ወራት ከወንዝ አፍ መረብህን አንሣ። ጊደሩን ያረደ ገበሬ ወተት ከየት ያገኛል?