ጨው ሲገባ ቦዩ ለምን ይዘጋል?

ጥያቄ፦ የፖሊስታይሪን ቅንጣቶችን በቀጭን የመስታወት ቦይ ሳሳልፍ፣ በተጣራ ውሃ ደህና ይፈስሳሉ። ጨው ስጨምር ግን ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ቦዩን ይዘጉታል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ጥፋቱ የጨው ነው። ውሃ ውስጥ መስታወቱም ቅንጣቱም ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ይገፋፋሉ። ግፊያው የሚደርስበትን ርቀት የሚወስነው ግን ጨው ነው፦ በ1 ሚሊሞላር የገበታ ጨው 10 ናኖሜትር ያህል የነበረው፣ በ100 ሚሊሞላር ወደ 1 ናኖሜትር ይወርዳል። ቅንጣቱንና ግድግዳውን የሚያቀራርበው የቫን ደር ዋልስ ስበት ግን በጨው ብዙም ስለማይነካ፣ ግድግዳው አጠገብ የደረሰ ቅንጣት የሚመልሰው የለም። ካልሲየም ሲኖርበትማ ይብሳል፤ በቧንቧ ውሃ አይሞክሩት። ብዙዎች ፓምፑን ማፍጠን ይቀናቸዋል፤ እኔ አልመክርም፤ ግድግዳው ጥግ ፍሰቱ ምንጊዜም ዝግተኛ ነው። አንዴ የተለጠፈውንም በንጹሕ ውሃ ማጠብ እምብዛም አያላቅቀውም። ጨው የግድ ከሆነብዎ፣ ጨዉን ከመጨመርዎ በፊት ቅንጣቶቹ ላይ ትዊን 20 የተባለውን ሰርፋክታንት (ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር) ጥቂት ያድርጉ።