አዲስ አስተማሪ በትንሽ የጃፓን ከተማ

ጥያቄ፦ ያደግሁት አሜሪካ ነው። ጄት በሚባለው የጃፓን መንግሥት ፕሮግራም እንግሊዝኛ ላስተምር ወደ አንዲት ትንሽ የጃፓን ከተማ ልሄድ ነው። ቋንቋውን አልችልም፤ ብቸኝነቱንም ፈርቻለሁ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጎረቤት ጀምሪ። በጃፓን ልማድ በር አንኳኩቶ የሚተዋወቀው አዲስ ገቢው ነው፤ «እንኳን ደህና መጣሽ» ባይ ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ። በገባሽ ሰሞን ፎጣ ወይም ብስኩት ቢጤ ይዘሽ ግራና ቀኝ ያሉትን ሰላም በያቸው።

በዚያው የቆሻሻውን ነገር ጠይቂ። የሚቃጠለው፣ ፕላስቲኩ፣ ጣሳው ለየብቻ ተለይቶ በየራሱ ቀን ነው የሚወጣው። ያለ ቀኑ የወጣ ከረጢት ማስታወሻ ተለጥፎበት እዚያው ሊቀር ይችላል፤ በትንሽ ከተማ ደግሞ የማን እንደሆነ አይጠፋም። መጠየቅሽ ራሱ ያቀራርባችኋል።

አድራሻሽን በገባሽ በ14 ቀን ውስጥ ማዘጋጃ ቤት አስመዝግቢ። ትምህርት ቤት የውጭ ጫማ በር ላይ ስለሚወልቅ የቤት ውስጥ ጫማ ያዢ።

አንደኛ ደረጃ ከተመደብሽ ምሳሽን ከልጆቹ ጋር ክፍል ውስጥ ብዪ። ተረኞቹ ነጭ ሽርጥና ኮፍያ አድርገው ምግቡን ራሳቸው ያድላሉ፤ ሁሉም እስኪደርሰው ማንም አይነካም። አብረሻቸው ከምግብ በፊት የሚባለውን «ኢታዳኪማስ» በይና ጀምሪ። ጃፓንኛው ከመጽሐፉ ይልቅ በዚያች ሰዓት እንደሚገባሽ አምናለሁ።